የርዕስ አሞሌን መደበቅ፦ ከባሕር ዳር መተግበሪያ ሠሪዎች ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ የሞባይል መተግበሪያ የሚሠሩ አባላት በማያ ገጹ አናት ላይ የሚታየውን የርዕስ አሞሌ ስለመደበቅ የላኳቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አቀርባለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገሮችን ልለይ፤ ከጥያቄዎቹ ብዙዎቹ የመጡት እነዚህን ካለመለየት ነውና። ሰዓቱ፣ ባትሪውና የኔትወርኩ ምልክት የሚታዩበት ቀጭን መስመር የሁኔታ አሞሌ ሲሆን የሚቆጣጠረውም ስልኩ ራሱ ነው። ከሥሩ የገጹ ስም፣ የመመለሻ ቀስትና ባለ ሦስት ነጥቡ ምናሌ የሚቀመጡበት ደግሞ የርዕስ አሞሌ ነው፤ በአንድሮይድ አክሽን ባር ወይም ቱልባር፣ ፍላተር በሚባለው መተግበሪያ መሥሪያ አፕ ባር፣ በአይፎን ናቪጌሽን ባር የሚባለው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በፖሊ ካምፓስ የሶፍትዌር ምህንድስና ተማሪ ነኝ። የዘጌን ገዳማት ለጎብኚ የሚያስተዋውቅ መተግበሪያ ኮትሊን በሚባለው የኮድ ቋንቋ እየሠራሁ ነው። አናቱ ላይ ያለውን ሐምራዊ አሞሌ በኮድ «ሃይድ» ብዬ ደበቅሁት፤ ነገር ግን ገጹ ሲከፈት ለቅጽበት ታይቶ ነው የሚጠፋው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ የቅደም ተከተል ነው። ቴምህ (የመተግበሪያውን መልክ የሚወስነው ፋይል) «አሞሌ አለ» ስለሚል ሥርዓቱ መጀመሪያ አሞሌውን ይሠራዋል፤ ኮድህ ደግሞ ዘግይቶ ደርሶ ይደብቀዋል። ከሥሩ ለማስቀረት በ«ሪስ» ማህደር ውስጥ ባለው «ቫልዩስ» ሥር የቴሙን ፋይል ክፈትና ወላጅ ቴሙ በ«ዳርክ አክሽን ባር» የሚያልቅ ከሆነ መጨረሻውን ወደ «ኖ አክሽን ባር» ለውጠው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር አለ፦ «ቫልዩስ ናይት» በሚባለው ማህደር ውስጥ ሁለተኛ የቴም ፋይል ሊኖር ይችላል፤ እሱን ሳትነካ ከቀረህ ቀን የጠፋው አሞሌ ተጠቃሚው ስልኩን ወደ ጨለማ ገጽታ ሲቀይረው ተመልሶ ይመጣል።

ቴሙን ከቀየርህ በኋላ ደግሞ የድሮ ኮድህን መርምር። «ሳፖርት አክሽን ባር» ከአሁን በኋላ ባዶ ስለሆነ፣ በኮትሊን በሁለት ቃለ አጋኖ አስገድደህ ርዕስ የጻፍህበት መስመር ካለ መተግበሪያው ገና ሲከፈት ይዘጋል። ከድሮ መመሪያዎች «ቴም ኖ ታይትል ባር» የሚለውን ገልብጠህ «አፕ ኮምፓት አክቲቪቲ» ላይ (አክቲቪቲ ማለት ገጽ ወይም ገጾችን የሚይዝ የመተግበሪያ ክፍል ነው) ብታውለውም እንዲሁ ይዘጋል፤ ይህ ዓይነቱ አክቲቪቲ ከራሱ የቴም ቤተሰብ ውጭ አይቀበልምና። «ሪኩዌስት ዊንዶው ፊቸር» የሚለውን መንገድ ከመረጥህ የግድ ከ«ሴት ኮንቴንት ቪው» በፊት መጠራት አለበት። እንደኔ ከሆነ «ሃይድ»ን ገጹ ክፍት ሆኖ ሳለ ለጊዜው መሰወር ሲያስፈልግ፣ ለምሳሌ ጎብኚው አንድ ሥዕል ነክቶ ሲያሰፋው፣ ብቻ ብትጠቀምበት ይሻላል።

ጥያቄ፦ አሞሌውን ካጠፋሁ በኋላ የመጀመሪያው የጽሑፍ መስመር ከሰዓቱና ከባትሪው ምልክት ሥር ገባ። ከላይ 24 ዲፒ (የአንድሮይድ የማያ ገጽ መለኪያ) ክፍተት ብሰጠው በአንዱ ስልክ ተስተካከለ፣ በሌላው ግን አልተስተካከለም።

መልስ፦ እስካሁን የርዕስ አሞሌው ራሱ ነበር ይዘትዎን ከሁኔታ አሞሌው የሚለየው። እሱ ሲነሳ ያን ሥራ የሚረከብ ሌላ ነገር መኖር አለበት። ከአንድሮይድ 15 ጀምሮ የመተግበሪያዎ የዒላማ ኤስዲኬ ቁጥር (መተግበሪያው ለየትኛው የአንድሮይድ እትም እንደተሠራ የሚናገረው) 35 ከሆነ ይዘቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ እንዲዘረጋ ሥርዓቱ ያስገድዳል፤ ከዚህ ለመውጣት የተፈቀደው ጊዜያዊ መንገድም ዒላማቸው 36 ለሆኑ መተግበሪያዎች በአንድሮይድ 16 ላይ አይሠራም። ስለዚህ ጉዳዩን ዛሬውኑ በትክክለኛው መንገድ መጨረስ ይሻላል።

24 የሚል ቁጥር በእጅ አይጻፉ። የፊት ካሜራው በማያ ገጹ ውስጥ በተበሳ ስልክ ላይ የሁኔታ አሞሌው ከዚያ ሊረዝም ይችላል፤ ስልኩ ሲጋደም ደግሞ የካሜራው ቀዳዳ በጎን በኩል ይመጣል። ስንት ቦታ መተው እንዳለበት ስልኩ ራሱ በ«ዊንዶው ኢንሴትስ» በኩል ይነግርዎታል፤ የሥርዓቱን አሞሌዎችና የካሜራውን ቀዳዳ ልክ አንድ ላይ ጠይቀው ያንኑ እንደ ክፍተት ይስጡት። በጄትፓክ ኮምፖዝ (በአንድሮይድ የገጽ መሥሪያ) የገጹ ማዕቀፍ የሆነው «ስካፎልድ» የሚሰጥዎትን የውስጥ ክፍተት ይዘቱ ላይ ማዋል ይበቃል፤ ብዙዎች ተቀብለውት ሳይጠቀሙበት ይቀራሉ።

ከዚሁ ጋር የምልክቶቹን ቀለም ይመልከቱ። ከላይ የጣናን የቀትር ሰማይ የሚያሳይ ፎቶ ካደረጉ ሰማዩ ነጭ ሊሆን ምንም አይቀረውም፤ ነጭ የሰዓትና የባትሪ ምልክት በላዩ ላይ አይነበብም። የሁኔታ አሞሌው ምልክቶች ጠቆር እንዲሉ ማዘዝ፣ ወይም ከፎቶው አናት ላይ ስስ ጥላ መጣል ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ በፍላተር ነው የምሠራው። አሞሌው በአንድ ገጽ ብቻ እንዲጠፋ፣ በሌላው ደግሞ ወደ ታች ሲነበብ እንዲሸሸግና ወደ ላይ ሲመለሱ እንዲመጣ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ በዚያ ገጽ «ስካፎልድ» ላይ «አፕ ባር» የሚለውን አለመስጠት ይበቃል። ለሁለተኛው «ስሊቨር አፕ ባር»ን በ«ከስተም ስክሮል ቪው» ውስጥ ያስቀምጡ። «ፍሎቲንግ» እውነት ሲሆን ተጠቃሚው ጥቂት ወደ ኋላ እንደሳበ አሞሌው ብቅ ማለት ይጀምራል፤ «ስናፕ» ሲጨመርበት በግማሽ ሳይቀር ሙሉ በሙሉ ይወጣል ወይም ይገባል፤ «ፒንድ» ደግሞ ጨርሶ እንዳይጠፋ ያደርገዋል። «ስናፕ» ያለ «ፍሎቲንግ» እንደማይሠራ ልብ ይበሉ፤ በልማት ወቅት ወዲያው ስህተት ያወጣል።

በፍላተር ሰውን ግራ የሚያጋባ አንድ ጠባይ አለ። አሞሌው ሲጠፋ «ሊስት ቪው» (የሚንሸራተተው ዝርዝር) ለሁኔታ አሞሌው የሚበቃ ክፍተት ከላይ በራሱ ይጨምራል፤ «ኮለም» (የማይንሸራተተው ዓምድ) ግን አይጨምርም። ስለዚህ በ«ኮለም» የተሠራው ገጽ ከሰዓቱ ሥር ሲገባ በ«ሊስት ቪው» የተሠራው ደህና ይመስላል፤ ከዚያ ብሶ «ሊስት ቪው»ው በ«ኮለም» ውስጥ፣ ከአንድ ፎቶ ሥር ሲቀመጥ ምንጩ የማይታወቅ ባዶ ቦታ በመካከል ይፈጠራል። ገጹን በሙሉ በ«ሴፍ ኤሪያ» ከጠቀለሉት ሁለቱም ችግሮች ይወገዳሉ፤ ፎቶው እስከ ጫፍ እንዲደርስ ከፈለጉ ደግሞ የ«ሊስት ቪው»ውን ክፍተት ዜሮ ብለው በግልጽ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ በሪአክት ኔቲቭ (በሌላው መተግበሪያ መሥሪያ) ሁለት የርዕስ አሞሌ ተደራርቦ ይታየኛል፤ አንዱን ሳጠፋ የሌላ ገጽ አሞሌም አብሮ ይጠፋል።

መልስ፦ በ«ስታክ» (ገጾችን በሚደራርበው) ውስጥ «ታብ» (ገጾችን በቁልፍ የሚያቀያይረውን) ስላስቀመጡ ሁለቱም የየራሳቸውን አሞሌ እያወጡ ነው። «ሄደር ሾውን»ን ውሸት ማድረግ ያለብዎት በውጭኛው ስታክ ውስጥ፣ ታቦቹን በያዘው በዚያ አንድ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። በ«ስክሪን ኦፕሽንስ» ላይ ከጻፉት ግን በዚያ ስታክ ውስጥ ያለውን ገጽ ሁሉ ይነካል፤ የሌላው ገጽ አሞሌ የጠፋብዎትም በዚሁ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም። «ሄደር»ን «ነል» የሚያደርጉ መመሪያዎች ካጋጠሙዎት ለድሮ እትሞች የተጻፉ ናቸውና ይለፏቸው።

ጥያቄ፦ በአይፎን አሞሌውን ደበቅሁ፤ ከዚያ በኋላ ከግራ ጠርዝ በጣት ጠርጎ መመለስ አልቻልኩም።

መልስ፦ ይህ በዩአይኪት (በቆየው የአይፎን ገጽ መሥሪያ) የታወቀ ውጤት ነው፤ «ናቪጌሽን ባር» ሲደበቅ የመመለሻው ጥረጋም ከእሱ ጋር ይቆማል። የጥረጋውን ተቆጣጣሪ በኮድ መልሶ መቀስቀስ ይቻላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥረጋው እንዳይነሳ ካልከለከሉት መተግበሪያው ይደርቃል። እኔ የምመክረው አሞሌውን ከመደበቅ ይልቅ ግልጽ ማድረግ ነው። ከአይኦኤስ 13 ጀምሮ የአሞሌውን መልክ የሚወስነው ክፍል ዳራውን ጨርሶ የማስወገድ አማራጭ አለው፤ ፎቶው እስከ ላይ ይደርሳል፣ ቀስቱም ጥረጋውም በቦታቸው ይቆያሉ። የግድ መደበቅ ካለበት ገጹ ሊታይ ሲል ይደብቁት፣ ሊሰወር ሲል ይመልሱት፤ አለዚያ ቀጣዩም ገጽ ያለ አሞሌ ይከፈታል። በስዊፍትዩአይ (በአዲሱ የአይፎን ገጽ መሥሪያ) ከአይኦኤስ 16 ወዲህ «ቱልባር» በሚለው ማስተካከያ ለናቪጌሽን ባር «ሂድን» ብሎ መጻፍ ነው።

ጥያቄ፦ በዛማሪን (በማይክሮሶፍት መተግበሪያ መሥሪያ) የተሠራ የቆየ መተግበሪያ አለን። አሞሌውን እንዴት እንደብቅ?

መልስ፦ የዛማሪን ድጋፍ በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ስላበቃ ወደ ተተኪው፣ ወደ ማዊ ይሸጋገሩ። በማዊ «ሼል» የሚጠቀሙ ከሆነ «ናቭ ባር ኢዝ ቪዝብል»ን፣ «ናቪጌሽን ፔጅ» ከሆነ «ሃዝ ናቪጌሽን ባር»ን በገጹ ላይ ውሸት ማድረግ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ኮድ አልጽፍም፤ ጎብኚዎችን በጀልባ ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ የምንወስድ ማኅበር አባል ነኝ። የጉዞ መመዝገቢያ መተግበሪያ እያሠራን ሳለ ዲዛይነሩ «አሞሌው ያስጠላል፣ ከሁሉም ገጽ ይጥፋ» ይላል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ከሁሉም ገጽ በሚለው አልስማማም፤ ምክንያቴንም ልዘርዝር። አሞሌው ተጠቃሚው የት እንዳለ፣ እንዴት እንደሚመለስና ሌላ ምን ማድረግ እንደሚችል ይነግረዋል። እነዚህን ሦስቱን ሌላ የሚሸከምላቸው ነገር ባለበት ገጽ አሞሌው ሊነሳ ይችላል። ለምሳሌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች የሚያሳየው ገጽ፣ የሐይቁ ካርታና የእንኳን ደህና መጡ ገጽ ራሳቸው ማን እንደሆኑ ይናገራሉ። የመንገደኛ ስም በሚሞላበት፣ የመነሻ ሰዓት በሚመረጥበትና ክፍያ በሚፈጸምበት ገጽ ግን አሞሌው ይቆይ። ገንዘብ የሚከፍል ሰው ለየትኛው ጉዞ እንደሚከፍል አናቱ ላይ ተጽፎ ማየት ይገባዋል፤ ወደ ኋላ የሚወስደውንም ቀስት ሳይፈልግ ማግኘት አለበት።

የሚገኘውንም ትርፍ እንመዝን። የተለመደው የአሞሌ ቁመት 56 ዲፒ ሲሆን በማቴሪያል 3 (በጉግል የንድፍ መመሪያ) ደግሞ 64 ነው። ቁመቱ 640 ዲፒ በሆነ ትንሽ ስልክ ላይ 56 ዲፒ ማለት ከዘጠኝ በመቶ ያነሰ ነው። ስልኩ ሲጋደም ግን ቁመቱ 360 ዲፒ ስለሚሆን ያው አሞሌ ከ15 በመቶ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ቪዲዮና ካርታ በጋደመ ስልክ ሲታዩ መደበቁ በእርግጥ ይጠቅማል፤ በቆመ ስልክ ላይ ባለ ቅጽ ግን ጥቅሙ ጥቂት፣ ጉዳቱ ብዙ ነው።

የእናንተን ሁኔታ ደግሞ ለብቻው አስቡት። አስጎብኚው ጀልባ ላይ ቆሞ፣ አንድ እጁ መደገፊያውን ይዞ፣ ፀሐይ ከውኃው እያንጸባረቀበት ነው ስልኩን የሚያየው። በፎቶ ላይ የተንሳፈፈ ስስ ነጭ ቀስት በዚያ ብርሃን ጨርሶ አይታየውም። ጥቁር ጽሑፍ በነጭ ላይ ያለበት ተራ አሞሌ ግን ይታየዋል። ዲዛይነሩን ያስከፋው ረዥሙ የአማርኛ ርዕስ በሦስት ነጥብ ተቆርጦ መታየቱ ከሆነ መፍትሔው ሌላ ነው፦ «የጉዞ መመዝገቢያ ቅጽ መሙያ» ከማለት «ምዝገባ» ብሎ ማሳጠር፣ ወይም ከጎኑ የተደረደሩትን ምልክቶች ወደ ምናሌው ማስገባት።

ጥያቄ፦ ዓይነ ስውር ተጠቃሚዎች አሉኝ። ርዕሱ ከተደበቀ ቶክባክ (የአንድሮይድ ማያ ገጽ አንባቢ) ምን ያነብላቸዋል?

መልስ፦ ይህን በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ እህቴ፤ ሊዘነጋ የማይገባው ነውና። አሞሌው ባይታይም የአክቲቪቲው ርዕስ አይጠፋም፤ ቶክባክ መስኮቱ ሲከፈት ያነበዋል። ስለዚህ በማኒፌስቱ (የመተግበሪያው ዝርዝር በሚጻፍበት ፋይል) ለእያንዳንዱ አክቲቪቲ የራሱን «ሌብል» ስጪ፤ ካልሰጠሽ ሁሉም ገጽ በመተግበሪያው ስም ይጠራል። በአንድ አክቲቪቲ ውስጥ ገጾችን የምትቀያይሪ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ገጽ «ፔን ታይትል» መስጠት ያስፈልጋል። በአሞሌው ፋንታ የራስሽን ቀስት ካስቀመጥሽ «ተመለስ» የሚል መግለጫ ይኑረው፤ የሚነካውም ስፋት በአንድሮይድ ቢያንስ 48 ዲፒ፣ በአይፎን 44 ነጥብ ይሁን።

ጥያቄ፦ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ቪዲዮ ሳሳይ የሁኔታ አሞሌውም እንዲጠፋ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ለቪዲዮ ተገቢ ነው። ማያ ገጹን ሙሉ በሙሉ መያዝ በአንድሮይድ 4.4 በ2013 እ.ኤ.አ. የመጣ ሲሆን ያኔ ይሠራባቸው የነበሩት የኮድ ምልክቶች (ፍላጎች) በ2020 በአንድሮይድ 11 ጊዜ ያለፈባቸው ተብለዋል። ዛሬ «ዊንዶው ኢንሴትስ ኮንትሮለር»ን በኮምፓት እትሙ ተጠቅመው የሥርዓቱን አሞሌዎች ይደብቁ፤ ተጠቃሚው ከጠርዝ ሲጠርግ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብለው እንዲመለሱም ጠባያቸውን ያዘጋጁ። ቪዲዮው ሲያልቅ ወይም ሲቆም ይመልሷቸው። ሐይቅ ላይ ያለ ሰው ባትሪው ስንት እንደቀረውና ኔትወርክ መኖሩን ማየት ስለሚያስፈልገው፣ ከቪዲዮ ውጭ ባሉ ገጾች የሁኔታ አሞሌውን እንዲነኩ አልመክርም።

ጥያቄ፦ የእኛ ሥራ መተግበሪያ ሳይሆን በስልኩ መነሻ ገጽ ላይ የሚጫን ድረ ገጽ ነው። የአሳሹን የአድራሻ አሞሌ ማጥፋት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። በድረ ገጹ ማኒፌስት ፋይል ውስጥ «ዲስፕሌይ» የሚለውን «ስታንድአሎን» ያድርጉት፤ ከመነሻ ገጹ ሲከፈት የአድራሻ አሞሌው አይታይም፣ የሁኔታ አሞሌው ግን ይቆያል። ከአሳሹ አሞሌ ጋር የመመለሻ ቁልፉም እንደሚሄድ ያስታውሱ፤ አንድሮይድ የራሱ መመለሻ ስላለው ብዙ አያስቸግርም፣ አይፎን ግን የመመለሻ ቁልፍ ስለሌለው ከመጀመሪያው ገጽ በቀር በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የራስዎን ቀስት ማስቀመጥ አለብዎት።