የሕግ ምክር፦ የስታር ዋርስ ብቸኛ ፈቃድ አብቅቷል፤ እኛስ ጨዋታችንን ማውጣት እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። ሦስት ጓደኛሞች ሆነን ሁለት ዓመት ሙሉ ከሥራ ሰዓት ውጪ በስታር ዋርስ ፊልሞች ላይ የተመሠረተ የኮምፒውተር ጨዋታ ስንሠራ ቆይተናል። ሙዚቃውን የደረሰልን አዲስ አበባ ያለ ወዳጃችን ነው። ቀደም ሲል የፊልሙ የጨዋታ መብት የኤሌክትሮኒክ አርትስ የተባለው የጨዋታ ኩባንያ ብቻ ስለነበረ ፈርተን ነበር፤ አሁን ግን ሌሎችም እየሠሩበት ነው። በነፃ ብናሰራጨው፣ «የአድናቂዎች ሥራ ነው» ብለንም ብንጽፍበት ያሰጋናል?

መልስ፦ አዎን፣ ያሰጋችኋል። የሁለት ዓመት ድካም ላይ «አታውጡት» ብሎ መጻፍ ለእኔም ደስ አይልም፤ ነገር ግን የፈራችሁት ተከራዩን ነበር፤ መፍራት የነበረባችሁ የቤቱን ባለቤት ነው።

ዲዝኒ የስታር ዋርስን ባለቤት፣ ሉካስፊልምን፣ ለመግዛት የተስማማው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በሚያዝያ 2013 የሉካስፊልም የራሱ የጨዋታ ክፍል፣ ሉካስአርትስ፣ ጨዋታ መሥራቱን እንዲያቆም ተደረገ። በግንቦት ወር ደግሞ የኤሌክትሮኒክ አርትስ ብቸኛ ፈቃድ ይፋ ሆነ። ያኔም ቢሆን ኩባንያው ሁሉን አላገኘም። ዲዝኒ ለሞባይል፣ ለታብሌትና ለኢንተርኔት በሚሠሩ ጨዋታዎች ላይ የተወሰነ መብት ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ሳሎኑን አከራይቶ ጓዳውን ለራሱ እንደሚያስቀር ባለቤት ማለት ነው።

በጥር 2021 ሌላው የጨዋታ ኩባንያ ዩቢሶፍትም በስታር ዋርስ ዓለም ላይ ጨዋታ እየሠራ መሆኑ ታወቀ፤ ጨዋታው በነሐሴ 2024 ለገበያ ቀረበ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ግን አልወጣም፤ በ2023 ሌላ የስታር ዋርስ ጨዋታ ሸጧል። የተነሳው «ብቸኛ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል አስሮ የነበረው ዲዝኒን ነው፤ ለሌላ ኩባንያ እንዳይሰጥ። ቃሉ ሲነሳም ነፃ የወጣው ዲዝኒ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

የእናንተን ዓይነት ጉዳይ ከዚህ በፊትም ገጥሟል። ጋላክሲ ኢን ተርሞይል የተባለውን ጨዋታ የሚሠሩ ወጣቶች በነፃ ሊያሰራጩት ሲዘጋጁ፣ በ2016 ሉካስፊልም እንዲያቆሙ ጠየቃቸው። ወጣቶቹ የስታር ዋርስ የሆነውን ሁሉ ከጨዋታው አስወግደው ሥራቸውን ቀጠሉ።

«በነፃ» የሚለው ቃል ብዙ ሰው ያታልላል። በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ ከአንድ ሥራ ሌላ ሥራ የማውጣት መብት የባለመብቱ ነው፤ ሸጣችሁም ሰጣችሁም ያለ ፈቃድ ከሆነ ጥሰት ነው። ገንዘብ አለመቀበላችሁ «ተገቢ አጠቃቀም» (ያለ ፈቃድ መጠቀም የሚፈቀድበት ሁኔታ) ለሚለው መከላከያ ከሚመዘኑት አራት ነጥቦች በአንዱ ላይ ሊረዳችሁ ይችላል፤ ብቻውን ግን አያድንም። ባለመብቱም የደረሰበትን ኪሳራ ማስረዳት አይጠበቅበትም። የቅጂ መብቱን በጊዜው ካስመዘገበ ለአንድ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ጥሰቱ ሆን ተብሎ ከተፈጸመ ደግሞ እስከ 150,000 ዶላር ድረስ ሊጠይቅ ይችላል። «የአድናቂዎች ሥራ ነው» የሚለው ጽሑፋችሁስ? ሥራው የማን እንደሆነ እያወቃችሁ እንደሠራችሁት በገዛ እጃችሁ የፈረማችሁት ቃል ሆኖ ሊቀርብባችሁ ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ሌላ ነው። አንድ ጸሐፊ ስለ ሮኪ ፊልም አራተኛ ክፍል ያለ ፈቃድ ድርሰት አዘጋጅቶ ካቀረበ በኋላ ሐሳቤ ተወሰደብኝ ብሎ ሲልቬስተር ስታሎንን ከሰሰ። በ1989 የካሊፎርኒያ ፌዴራል ፍርድ ቤት ድርሰቱ በሌላ ሰው ገጸ ባሕርያት ላይ ያለ ፈቃድ የተገነባ ስለሆነ የቅጂ መብት ጥበቃ አያገኝም አለ። እናንተም ከራሳችሁ አፍልቃችሁ የጨመራችሁትን ታሪክ ሌላ ሰው ቢወስድባችሁ አቤት የምትሉበት መንገድ ሊጠባችሁ ይችላል።

ፈቃድ እንጠይቅ ካላችሁ መጠየቅ አይከለከልም፤ ተስፋ ግን አልሰጣችሁም። እንዲህ ያለው ውል ብዙ ጊዜ ጨዋታው ተሸጠም አልተሸጠም የሚከፈል ዝቅተኛ ገንዘብ አለው፤ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በባለመብቱ ታይቶ ይጸድቃል፤ ዘመኑም ያልቃል። የጨዋታ ኩባንያው አታሪ በ1982 ለኢ.ቲ. ፊልም ፈቃድ ከ20 እስከ 25 ሚሊዮን ዶላር እንደከፈለ ይነገራል። ጨዋታው በአምስት ሳምንት ገደማ ተሠርቶ ከሰረ፤ ያልተሸጠው ቅጂም ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ቆሻሻ መጣያ ተቀበረ። አክቲቪዥን የተባለው ኩባንያ ያሳተማቸው የጀምስ ቦንድ ጨዋታዎች ደግሞ በ2013 መጀመሪያ ስቲም ከተባለው የኢንተርኔት የጨዋታ ገበያ ተነሱ።

ምክሬ የጋላክሲ ኢን ተርሞይልን ወጣቶች መንገድ እንድትከተሉ ነው። ሕግ የሚጠብቀው ሐሳብን ሳይሆን የሐሳብን አገላለጽ ስለሆነ፣ በጠፈር ላይ የሚካሄድ ጦርነት፣ ዓመፀኞችና ንጉሠ ነገሥት የማንም ንብረት አይደሉም። የጻፋችሁት የኮምፒውተር ኮድ የራሳችሁ ነው። ስሞቹን፣ የብርሃን ሰይፎቹን፣ የመርከቦቹን ቅርጽ፣ የተዋናዮቹን መልክና ድምፅ ግን ከጨዋታው አስወግዱ፤ የአንዳንዶቹ ጉዳይ ከቅጂ መብት አልፎ የንግድ ምልክትና የሰው ምስል መብት ነው። ይህን ጨርሳችሁ ከማሰራጨታችሁ በፊት እዚያው አሜሪካ የሚሠራ ጠበቃ ጨዋታውን ይየው።

ስለ ወዳጃችሁ አልጠየቃችሁኝም፤ እኔን ግን ያሳሰበኝ እሱ ነው። የእናንተ ተቀጣሪ ካልሆነና የተፈረመ ውል ከሌለ ሙዚቃው ወደ እናንተ አልተላለፈም። የአሜሪካ ሕግ ለዚህ የተፈረመ ጽሑፍ ይፈልጋል፤ የኢትዮጵያው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996ም (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) እንዲሁ በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ውሉ እስኪፈረም ድረስ የዜማው ባለቤት እሱ ነው፤ እናንተም ቢበዛ በቃል ፈቃድ የገባችሁ ተከራዮች ናችሁ።