እይታውን አየሁት፤ ደብተሩስ?

ልጆች፣ እስቲ ስሙኝ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የነጋዴ ደብተር ሳገላብጥ ኖሬ፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ደግሞ ቢሮዬን የሚያዘወትሩት ቪዲዮ የሚሠሩ ወጣቶች ሆነዋል። ገና ሳይቀመጡ ስልካቸውን አፍንጫዬ ሥር ያደርጉና «ጋሼ፣ ይኸው 4 ሚሊዮን እይታ! ገንዘቡ የታለ?» ይሉኛል።

እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። የሚከፍልህ ማን ነው? ከየትኛው ገንዘብ? እዚህ ላይ ዝም ይላሉ። አልፈርድባቸውም፤ አሠራሩ እኔንም አዙሮኛል።

ቲክቶክ በ2020 (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ለቪዲዮ ሠሪዎች ፈንድ ሲያቋቁም፣ ለአሜሪካ ብቻ 200 ሚሊዮን ዶላር መደብኩ አለ። ሲሰሙት ያጓጓል። ፈንድ ግን እንደ አንድ ድስት ነው፤ ማንኪያ ይዞ የሚመጣው ሲበዛ ድስቱ አይሰፋም። ብዙ ሠሪዎች ለሺህ እይታ የሚደርሳቸው ጥቂት ሳንቲም መሆኑን በአደባባይ ተናገሩ። በ2023 መጨረሻ ፈንዱ በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ተዘጋ። በምትኩ የመጣው አሠራር የሚከፍለው ከአንድ ደቂቃ ለሚበልጥ ቪዲዮ ነው። ለመግባት 10,000 ተከታይና ባለፉት 30 ቀናት 100,000 እይታ ይፈልጋል፤ ለሁሉም አገርም ክፍት አይደለም። በአጭር ቪዲዮ ስሙን የተከለ መድረክ፣ መክፈል ላይ ሲደርስ «እስቲ ትንሽ አርዝሙት» ማለቱ አያስቅም?

የዩቲዩብ ሾርትስ፣ ማለትም የዩቲዩብ የአጫጭር ቪዲዮ ክፍል፣ መንገዱ ይለያል። ከ2023 መጀመሪያ ጀምሮ የማስታወቂያ ገቢ ያካፍላል። ማስታወቂያው የሚገባው በቪዲዮዎቹ መሀል ስለሆነ ይሄኛው የእገሌ ነው ተብሎ አይለይም፤ ሁሉም አንድ ቋት ውስጥ ይገባና በእይታ ልክ ይደለደላል። ከተደለደለላችሁ ላይ የእናንተ 45 በመቶው ነው። ለረጅም ቪዲዮ ግን 55 በመቶ ነው። ብዙዎች የማያውቁት የሙዚቃውን ነገር ነው። አንድ ዘፈን ያለበት ቪዲዮ ካመጣው ገቢ ግማሹ፣ ሁለት ዘፈን ካለበት ሁለት ሦስተኛው፣ ወደ ሠሪዎቹ ቋት ሳይደርስ ለሙዚቃ ይቀነሳል። ቋቱ የጋራ ነውና እናንተ አንድም ዘፈን ባትነኩ የሌላው ሰው ዘፈን እናንተንም ይቀንስባችኋል። እዚያ ቋት ዘንድ ለመድረስ ራሱ 1,000 ሰብስክራይበርና በ90 ቀን ውስጥ 10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ ያስፈልጋል። (በረጅም ቪዲዮ የሚገባበት ሌላ በርም አለ፤ እሱን ለሌላ ቀን።)

ደግሞ ከ2025 ወዲህ ሾርትስ ላይ እይታ የሚቆጠረው ቪዲዮው መጫወት እንደጀመረ ነው። ክፍያው ግን የሚታሰበው ጥቂት ቆይቶ ያየውን ብቻ በሚቆጥረው በድሮው ቆጠራ ነው። ስለዚህ ለጓደኛ የምታሳዩት ቁጥርና የሚከፈልበት ቁጥር ለየቅል ናቸው። ብዙ ሰው አየኝ ብላችሁ ብድር ውስጥ እንዳትገቡ።

ብድር ካልኩ አይቀር የራሴን ጉድ ላውራ። አንድ ልጅ ከአንድ መድረክ ቦነስ ይከፈለው ነበር። ሦስት ወር ተከታትሎ ገባ። እኔም፣ ይሄን ያህል ዓመት በሙያው የቆየሁት ሰው፣ ገንዘቡን እንደ ደመወዝ ቆጥሬ የዓመት በጀት ሠራሁለት፤ እሱም በዚያ በጀት ተማምኖ ካሜራና ኮምፒውተር በዱቤ አወጣ። በአራተኛው ወር ቦነሱ ቀረ። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምክንያት የለ። ቦነስ የሰጪው ፈቃድ እንደሆነ ለስንት ድርጅት ስነግር የኖርኩ ሰው ነኝ! ልጁ አልተቆጣኝም፤ ያ ነው የባሰ ያሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ ከመድረክ የሚመጣን ገንዘብ ወር ካለፈና ባንክ ከገባ በኋላ ካልሆነ በደብተር አላሰፍርም።

ደህና ኑሮ የያዙትን ሳይ፣ አብዛኛው ገቢያቸው ከእይታ የመጣ አይደለም። ወይ ስፖንሰር አላቸው፣ ወይ የራሳቸውን ዕቃ ወይ ሙያ ይሸጣሉ። የላይቭ ጊፍትም፣ ማለትም ተመልካች በቀጥታ ስርጭት ላይ ገዝቶ የሚልከው ስጦታ፣ አለ፤ ግን ተመልካቹ የከፈለው ሁሉ እናንተ ጋ አይደርስም፣ መድረኩ ትልቅ ድርሻ ያነሳል።

ስፖንሰር ሲመጣ ደግሞ ውሉን አንብቡ። እባካችሁ አንብቡ። ሁልጊዜ ሦስት ቦታ ላይ ቀይ እስክሪብቶዬን አነሳለሁ። ቪዲዮውን ለስንት ጊዜ ይጠቀሙበታል? «ለዘለዓለም» የሚል ካለ፣ ፊታችሁን ለአንድ ጊዜ ዋጋ ለዕድሜ ልክ ሸጣችሁ ማለት ነው። ከተወዳዳሪ ድርጅት ጋር እንዳትሠሩ የሚከለክል አንቀጽ ካለ፣ ለስንት ወር ነው? ሥራ ፈታችሁ ለምትቀመጡበትስ ይከፈላል? ክፍያው መቼ ነው? በ90 ቀን የሚከፍል ሰው በናንተ ገንዘብ እየሠራ ነው። ማስታወቂያ መሆኑንም ለተመልካች ተናገሩ፤ በብዙ አገር ሕግ ነው፣ ባይሆንም ነውር ነው። ግብሩንም ገንዘቡ በገባ ቀን ለይታችሁ አስቀምጡ። በዓመቱ መጨረሻ ሲያለቅስ ያየሁት ሰው ብዙ ነው።

ቫይንን የምታስታውሱ ጥቂት ናችሁ። የ6 ሰከንድ ቪዲዮ ነበር። በ2013 ተጀመረ፣ በ2016 ባለቤቱ ትዊተር እዘጋዋለሁ አለ፣ በ2017 መጀመሪያ አበቃ። ሚሊዮኖች ይከተሏቸው የነበሩ ልጆች በአንድ ጊዜ ተከታይ አልባ ሆኑ። ተከታዮቻቸውን ቀድመው ወደ ዩቲዩብ ያሻገሩት ግን ሥራቸውን ቀጠሉ። በ2025 ጥር ላይም ቲክቶክ አሜሪካ ውስጥ ለሰዓታት ጠፍቶ ነበር፤ ያን ሌሊት ስንቱ እንቅልፍ አጥቶ እንዳደረ መገመት አያቅትም። ኦሪጅናል ፋይሎቻችሁን በሃርድ ዲስክ አስቀምጡ። የተከታዮቻችሁን ኢሜይልም፣ በፈቃዳቸው፣ ሰብስቡ።

ያ ባለ ካሜራው ልጅ ዱቤውን በሁለት ዓመት ጨረሰ። አሁን ለሌሎች ሰዎች ኤዲት እየሠራ ያስከፍላል፤ የራሱን ቪዲዮም አልተወም። ባለፈው መጥቶ ደብተሩን ዘረጋልኝ። «የመድረክ» ያለው ዓምድ ባዶ ነበር። «ለምን አልሞላኸውም?» አልኩት። «ገና ባንክ አልገባማ፣ ጋሼ» አለኝ።