ሳጥኑ ላይ ጻፉበት

ልጆች፣

ባለፈው ሰሞን ሴት ልጄ ከአሜሪካ አንድ ሸክላ ላከችልኝ። ስቲሊ ዳን የሚባለው የአሜሪካ ባንድ አልበም «ኤጃ» ነው፣ በ2023 ሪማስተር ተደርጎ፣ ማለትም ያለቀው ሚክስ ለኅትመት እንደገና ተዘጋጅቶ፣ የታተመው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች ነው የምጽፈው።) ስሙ ሲጠራ እንደ አህጉሩ «ኤዥያ» ነው። እኛ ግን በጉብዝናችን ወራት ካሴቱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን እንዳለ አንብበን «አጃ» ነበር የምንለው። ቁርስ ላይ እንደሚጠጣው። ለዓመታት ያረመንም ሰው አልነበረም።

ላስቲኩን ቀድጄ ሳገላብጠው የጎረቤቴ ልጅ አጠገቤ ነበር። በላፕቶፕ ሙዚቃ ያቀናብራል፣ ጆሮም አለው። «ጋሼ፣ ሪማስተር ማለት ድምፁን ማስጮህ ነው አይደል?» አለኝ። ዕድሜዬን ሚክሰር ፊት ተቀምጬ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ ጥያቄው ትንሽ አመመኝ። ከዚያ ሳስበው ልጁ አልተሳሳተም። ሲሠራ ያየው እሱን ነው።

መጀመሪያ ስለ አልበሙ። በ1977 ነው የወጣው። ሰባት ዘፈን፣ 40 ደቂቃ ገደማ። የባንዱ ባለቤቶች፣ ዋልተር ቤከርና ዶናልድ ፌገን የሚባሉ ሁለት ነዝናዞች የሠሩት ነው። ነዝናዞች ስል በክብር ነው። «ፔግ» ለሚለው ዘፈን የጊታር ሶሎ ስንቱ አንቱ የተባለ ጊታሪስት ተጠርቶ ተጫወተ፣ አልሆነም ተብሎ ተመለሰ፤ በመጨረሻ የጄይ ግሬደን ጸደቀ። በአልበሙ ስም የተሰየመው የስምንት ደቂቃ ዘፈን ላይ ደግሞ ዌይን ሾርተር በቴነር ሳክስፎን ይገባል። ከማይልስ ዴቪስ ጋር ዓመታት የተጫወተው ሾርተር ማለት ነው። ከሥሩ ስቲቭ ጋድ ድራሙን ቀስ እያለ ያሞቀዋል፣ ያሞቀዋል፣ ከዚያ ይለቅበታል። ድራመር ሆኖ ይህን ቦታ ያልሰማ ካለ ደብዳቤውን እዚህ ላይ ያቁምና ሄዶ ይስማው። እኔ እጠብቃለሁ።

ቀረጻው በ1978 በድምፅ ምህንድስና የግራሚ ሽልማት አግኝቷል። ታዲያ እንዲህ የተለፋበት ሥራ የተቀዳበት ዋናው የቴፕ ክር የት ያለ ይመስላችኋል?

የለም።

ነገሩን ላስረዳ። በዚያ ዘመን ሁለት ዓይነት ክር አለ። አንደኛው እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የተቀዳበት ሰፊው ክር ነው፤ ድራሙ በራሱ፣ ቤዙ በራሱ፣ ድምፃዊው በራሱ። ሁለተኛው ያ ሁሉ ተመጥኖ ወደ ግራና ቀኝ የወረደበት ሚክስ ነው። ሪሚክስ የሚሠራው ከመጀመሪያው ነው፣ ሪማስተር ከሁለተኛው። የ«ኤጃ» ከሁለቱም ወገን ጎድሏል። በ1999 ሲዲው እንደገና ሲታተም ቤከርና ፌገን በማስታወሻቸው ላይ የሁለት ዘፈኖች ሰፊው ክር እንደጠፋ ገልጸው፣ ላመጣልን 600 ዶላር እንሸልማለን ብለው ጻፉ። ሰዎቹ ቀልደኞች ናቸው። ክሩ ግን የእውነት ጠፍቷል። በ2023ቱ እትም ጊዜ ደግሞ የመጀመሪያው የሚክስ ክርም ለአሳታሚው ስለመድረሱ ማስረጃ እንዳልተገኘ፣ ዛሬ የለም ተብሎ እንደሚገመት ተነገረ።

ስለዚህ ከምን ሠሩት? ከቅጂ። ግን ተራ ቅጂ አይደለም፣ ኢኪው (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ መጨመሪያና መቀነሻው) ያልነካው ቅጂ ነው። ይህቺ ነጥብ ትልቅ ናት። ለሸክላ ሲዘጋጅ ቤዙ ይገታል፣ የ«ስ» ፉጨት ይለዝባል፣ ሌላም ሌላም። ያ ሁሉ የገባበት ቅጂ በርበሬ እንደገባበት ወጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ አልጫ አድርጉልኝ ቢባል ማን ይችላል? እዚህ ግን አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ እንኳ የማላውቀው አንድ ጠንቃቃ ሰው፣ ምንም ያልነካካው ቅጂ አስቀርቷል። ክሩን ማስተር ያደረገው በርኒ ግሩንድማን ነው። በ1977ም እሱው ነበር። ከ46 ዓመት በኋላ፣ ወደ 80 ተጠግቶ፣ ያንኑ ሥራ ፊቱ አስቀመጡለት። ቀናሁበት፣ አልዋሽም።

ድምፁስ? ሸክላውን ልጁን አጠገቤ አስቀምጬ ሰማሁት። ከለመድነው ጋር ስናወዳድር መጀመሪያ ያደረግሁት ሁለቱን እኩል ድምፅ ላይ ማምጣት ነው። ይህን ሳታደርጉ ሪማስተር ከሪማስተር አታወዳድሩ። ጆሮ ሞኝ ነው፣ የጮኸውን «የተሻለ» ይላል። ድምፁ እንዲጮህ የተደረገ ሌላ ቅጂም ጨምረን እኩል ስናደርጋቸው፣ የጮኸው የት ላይ እንደሚሸነፍ ልጁ ራሱ አወቀው፤ ጋድ የሚለቅበት ቦታ ላይ ድራሙ ከፍ አይልም። መሄጃ የለውማ፣ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ ነው የጀመረው። ደግሞ ለማን ነው የምታስጮሁት? ስፖቲፋይም ዩቲዩብም የጮኸውን መልሰው ዝቅ ያደርጉታል።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ።

የእነዚሁ ሰዎች ቀጣይ አልበም ሲቀረጽ፣ በ1979 መጨረሻ ላይ፣ አንድ ረዳት ባለሙያ ሳያውቅ የአንድን ዘፈን አብዛኛውን ክፍል አጠፋው። ዘፈኑ ከአልበሙ ቀረ። ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ የድምፅ መሐንዲሳቸው የሮጀር ኒኮልስ ቤተሰብ እሱ ካስቀመጣቸው ካሴቶች መሃል ዘፈኑ ሳይጠፋ የተቀዳ ሻካራ፣ ያላለቀ ሚክስ አገኙ፤ በ2023 ይፋ ሆነ። ሰው ሁሉ በኒኮልስ ተደነቀ። እኔ ግን ያሰብኩት ስለዚያ ረዳት ነበር። ምክንያቱም እኔም ረዳት ነበርኩ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። አንድ ስቱዲዮ ውስጥ አንድ ሳክስፎኒስት ማታ መጥቶ ዜማ ተጫወተ። ሰውየው ያን ቀን ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ሁላችንም ዝም አልን። ሪሉን፣ የክሩን ጥቅል፣ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩና መብራት አጥፍቼ ሄድኩ። ሳጥኑ ላይ ምንም አልጻፍኩም። ነገ እጽፈዋለሁ አልኩ። በማግሥቱ ጠዋት የሳሙና ማስታወቂያ ለመቅዳት ባዶ ክር ተፈለገ። ያ ሳጥን ባዶ ይመስላል። የቀዳሁበትም እኔው ራሴ ነኝ። ሳክስፎኒስቱ ሲመጣ ማሽኑ አበላሸው አልኩት። ደግሞ ተጫወተ። ጥሩ ነበር። ያኛው ግን አልነበረም።

ስለዚህ የምመክራችሁ ስለ ፕለጊን፣ ላፕቶፑ ላይ ስለምትጭኑት የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም አይደለም፣ እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ፋይል ላይ ስም ጻፉ፤ ዘፋኙን፣ ቀኑን፣ ማን ምን እንደተጫወተ። ሚክሱን ስታወጡ ሊሚተር (ከፍ ያለውን ድምፅ ገትቶ ሁሉን የሚያስጮኸው) ያልገባበትም አብራችሁ አውጡ። እያንዳንዱን ትራክ ከዜሮ ሰከንድ ጀምሮ ለየብቻ ዌቭ በሚባለው የድምፅ ፋይል አስቀምጡ፤ ዛሬ የምትሠሩበት ሶፍትዌር ከ20 ዓመት በኋላ ላይከፍተው ይችላል። ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ ይሁን። አሰልቺ ሥራ ነው። ከእንቅልፍ በፊት የሚሠራ፣ ደክሟችሁ እያለ፣ ማንም ሳያያችሁ።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ ራሱን ነቀነቀና ላፕቶፑን ከፈተ። ባለፈው ዓመት ያወጣውን ዘፈን ፎልደር አብረን አየነው። «ፋይናል»፣ «ፋይናል 2»፣ «ፋይናል የመጨረሻ»፣ «ፋይናል የእውነት»። ቆጠርናቸው፣ 11 ናቸው። የትኛው እንደወጣ እሱም አያውቅም። ሊሚተር ያልገባበት ካለ ብለን አንድ በአንድ እየከፈትን እስከ ማታ ፈለግን።