አንገቱ የተጠማዘዘው ልጅ እና ሌሎች ጥያቄዎች

የሰሞኑ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ለልጅ ስለታዘዘ የአእምሮ መድኃኒትና መድኃኒቱ ስላመጣው ጣጣ የሚጠይቁ ናቸው። ረዘም ያሉትን አሳጥሬያቸዋለሁ።

ከሐይቅ፦ ሽሮፑ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ?

ጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ አያስፈልገውም፤ ከምድጃና ከፀሐይ ያርቁት። በወጥ ማንኪያ ግን አይለኩት። ከመድኃኒት ቤት መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠይቁ።

ከደሴ፦ ልጃቸው ነጭ ሪስፔሪዶን ነበር የሚወስደው። ጠፋና ሌላ መድኃኒት ቤት ብርቱካንማ ሰጣቸው። ቀለሙ አስደንግጧቸዋል።

ቀለሙ የፋብሪካው ምርጫ ነው፤ የሚያስደነግጠውስ ቁጥሩ ነው። ባለ 1 ሚሊ ግራሙ ጠፍቶ ባለ 2 ከሰጡዎትና እንደ ለመዱት አንድ ሙሉ ክኒን ካስዋጡት፣ ልጁ እጥፍ ወሰደ። በማግስቱ ሲደነዝዝና ሲንገዳገድ «መድኃኒቱ ከበደው» ይባላል። መሃሉ ላይ መስመር ያለው ክኒን በመስመሩ ይከፈላል። የተለበጠ ወይም ቀስ እያለ የሚሟሟ ክኒን ግን አይሰበርም፣ አይደቆስም፤ ብዙዎቹ የሶዲየም ቫልፕሮኤት ክኒኖች እንዲህ ናቸው። የድሮውን ማሸጊያ ሳይጥሉ ይዘው ይሂዱና ስሙንና ሚሊ ግራሙን እዚያው መስኮቱ ላይ ያስተያዩ።

ከውጫሌ፦ የ11 ዓመት ልጇ ሃሎፔሪዶል በጀመረ በሦስተኛው ቀን ማታ አንገቱ ወደ ኋላ ተጠማዘዘ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቀለ፣ ምላሱ ወጣ። ጎረቤት ተሰብስቦ ግማሹ ጅን ነው አለ፣ ግማሹ ጸበል አለ። ወሎ ነውና ሁለቱም ተደረገለት። ከሰዓታት በኋላ ለቀቀው። እናት መድኃኒቱን ጥላዋለች፤ «ምን ነበር?» ትላለች።

አብሽሪ እህቴ፤ ስም ያለው፣ በመርፌም የሚፈታ ነገር ነው፤ ዲስቶኒያ ይባላል። ሃሎፔሪዶል የሚሠራው በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ንጥረ ነገር በማገድ ነው። እንቅስቃሴን የሚያዘው የአንጎል ክፍልም ያንኑ ዶፓሚን ስለሚጠቀም፣ አንዳንዴ የአንገት፣ የዓይንና የመንጋጋ ጡንቻ ሳይታዘዝ ይኮማተራል። መድኃኒቱ በተጀመረ ወይም መጠኑ በተጨመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ውስጥ ይመጣል፤ ልጆችንና ወጣት ወንዶችን ያጠቃል። ለትውከት የሚሰጠው ፕላዚልም ይህንኑ ሊያመጣ ይችላል።

መንፈስ መባሉ አይገርምም። ያዝ ለቀቅ ያደርጋል፣ ግርግርና ድንጋጤ ሲበዛ ይብሳል፣ ሰው ሲረጋጋ ላላ ይላል። የሚጥል በሽታ እንዳይባል ደግሞ ልጁ ነቅቷል፤ ስሙን ሲጠሩት ይሰማል፣ ዓይኑን ማውረድ ብቻ ያቅተዋል። ምን ያህል እንደሚፈራ አስቢው።

ዳግም ቢመጣ ቀና አድርገሽ አስቀምጪው። አንገቱን በኃይል አትመልሱ፣ አፉ ውስጥ ውሃም ክኒንም ማንኪያም አታስገቡ፤ ያንቀዋል። የመድኃኒቱን ማሸጊያ ይዘሽ በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂጂ። በር ላይ የመጀመሪያ ቃልሽ «ሃሎፔሪዶል ጀምሯል፣ የመጨረሻውን የወሰደው በዚህ ሰዓት ነው» ይሁን። ይህን ካልሰሙ መንጋጋ ቆልፍ ወይም ማጅራት ገትር መስሏቸው ሌላ ምርመራ ውስጥ ይገባሉ። ፕሮሜታዚን ወይም መሰል መርፌ ሲወጋ ብዙውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይፈታል። የመርፌው ኃይል ሲያልቅ ሊመለስ ስለሚችል ለጥቂት ቀናት የሚዋጥ እንደ አርቴን ያለ መድኃኒት መታዘዝ አለበት፤ ካልሰጡሽ ጠይቂ። ድምፁ ከታፈነ ወይም ሲተነፍስ ካፏጨ ጉሮሮው ጋ ደርሷልና ደቂቃም አይጠበቅም። ዱዓውን ማን ከለከለ፤ መኪና ውስጥም ይደረጋል።

አሁንስ? ሐኪሙን ሳታነጋግሪ ሃሎፔሪዶሉን መልሰሽ እንዳትጀምሪ። ጥሎ ዝም ማለት ግን መፍትሔ አይደለም፤ ያስጀመረው ሕመም ይመለሳል። በዚህ ሳምንት ወዳዘዘው ሰው ተመለሺ፤ መጠኑን ይቀንሳል፣ ይለውጣል ወይም መከላከያ ይጨምራል። ከአሁን በኋላ ለየትኛውም ሐኪም «ልጄን ሃሎፔሪዶል አንገቱን አዙሮበታል» ማለት አትርሺ። ካርዱ ላይም እንዲጻፍ አድርጊ።

ከኮምቦልቻ፦ ሪስፔሪዶን ከተጨመረለት ወዲህ ልጁ መቀመጥ አቃተው፣ ቤቱን ሲዞር ያድራል። አባት ግማሽ ክኒን ጨመሩለት፤ ባሰበት።

ይብስበታላ! መቅበጥበጡን ያመጣው መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል፤ አካቲዥያ ይሉታል። ልጁን «መቀመጥ ጠልተህ ነው ወይስ እግርህ አላስቀምጥ ብሎህ?» ብለው ይጠይቁት። ከውስጥ እንደሚነዳው ከነገረዎትና መጠኑ ከተጨመረ በኋላ የጀመረ ከሆነ ጥርጣሬው ጠንካራ ነው። በራስዎ የጨመሩትን ግማሽ ያንሱ፣ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። ደብተር ላይ አራት መስመር ያስምሩ፦ ቀን፣ የሰጡበት ሰዓት፣ ሚሊ ግራም፣ ያዩት ነገር። «ሰሞኑን አላማረኝም» ከሚል ወላጅ ይልቅ ይህ ደብተር ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

ከቆቦ፦ ሪስፔሪዶን የሚወስድ ልጅ ወባ ቢይዘው የወባ መድኃኒት ይሰጠዋል?

ይሰጠዋል፤ ሪስፔሪዶን መውሰዱን ግን ለሚያዝለት ሰው ይንገሩ። ቆላ ላይ ትኩሳት ሁሉ ወባ ተብሎ ያልፋል። ትኩሳቱ ላይ ሰውነቱ እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ላቡ ከወረደና ከቃዠ፣ ቀጣዩን ሪስፔሪዶን ሳይሰጡ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ያድርሱት። ይህ ወባው ሳይሆን የሪስፔሪዶኑ ጣጣ ሊሆን ይችላል፤ ብርቅ ነው፤ ይገድላል ግን።

ከከሚሴ፦ የ13 ዓመቷ ልጅ ቫልፕሮኤት ቀን ሁለት ጊዜ ትወስዳለች። ረመዳንን ልጹም ብላለች።

የታመመ ሰው እንዲያፈጥር ተፈቅዶለታል፤ ይህን ሼኽዎ ያስረዷት። ሐኪሙ ከፈቀደ አንዱን በሱሑር፣ ሌላውን በማፍጠሪያ ከምግብ ጋር መስጠት ይቻላል። የሚያሰጋው የእንቅልፍ እጦት ነው፤ ሱሑር በልታ ተመልሳ ትተኛ። ጥያቄውን ወሩ ሳይገባ ያንሱት። በዚያው «ለሴት ልጅ ሌላ አማራጭ የለም?» ብለው ይጠይቁ፤ ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ፅንስን ይጎዳልና ከወዲሁ መታሰብ አለበት።

ከላሊበላ፦ የ16 ዓመት እህቱ ፍሉኦክሰቲን ከጀመረች አሥር ቀኗ ነው። እንቅልፍ የላትም፣ ትቆጣለች፣ ትናንት «ባልኖር ይሻል ነበር» አለች። ማታ ይሰጣት ወይስ ጠዋት?

ጠዋት ነው፤ ግን ወንድሜ፣ ሰዓቱን ተወውና ዛሬውኑ ይዘሃት ሂድ። ነገ አይደለም። ይህ መድኃኒት ሐዘኑን ለማንሳት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ በልጆችና በወጣቶች ላይ መረበሹና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። እስክትደርሱ ብቻዋን አትተዋት። በግልጽ «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል?» በላት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። የቤቱን መድኃኒት ሁሉና ፀረ ተባዩን ቆልፍ። ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን ዛሬ የሚያያት ሐኪም ይወስን።

ከባቲ፦ ሪስፔሪዶን የሚወስደው የ15 ዓመት ልጄ ጫት ቢቅም ችግር አለው?

አለው። ጫቱ ዶፓሚን ይለቃል፣ መድኃኒቱ ያግዳል፤ የሁለቱም ወጪ ከእርስዎ ኪስ ነው።