ትራስ ሥር ያለው መጽሐፍ፦ ለወጣት እናቶችና ለወጣት አዋላጆች

ውድ ልጆቼ፣

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሠላሳ አራት ዓመት ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ሰሞኑን አንዲት የሰፈራችን ልጅ የሰባት ወር ሆዷን ይዛ መጣችና «እትዬ፣ ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ መንፈሳዊ መጽሐፍ ማንበብ ፈልጌ ነበር፤ የቱን ላንብብ?» አለችኝ። በር ላይ ቆሜ ልመልስላት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ቡና ላይ የነገርኳትን ነው ለእናንተም የምጽፈው።

መጀመሪያ በደሌን ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ከገጠር የመጣች፣ የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ልጅ ነበረች። ትራሷ ሥር ትንሽ ድርሳነ ሩፋኤል፣ የመልአኩን የቅዱስ ሩፋኤልን ተአምር የሚናገረውን መጽሐፍ፣ አስቀምጣለች። ሽፋኑ በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ ጠቁሯል። እኔ ስለ ንጽሕና የተማርኩት ገና ትኩስ ነው። «ይሄ እዚህ አይገባም» አልኩና አንስቼ ውጭ ላሉት እናቷ ሰጠኋቸው። ልጅቷ አልተቃወመችም። ከዚያ ወዲያ ግን ስጠይቃት አትመልስም፣ ዓይኔንም አታይም። እናትየው ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፈው ማነብነብ ጀመሩ። ፊደል አልቆጠሩም። መጽሐፉን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሲነበብ የሰሙትን በቃላቸው ነበር የሚሉት። ድምፃቸው በበሩ ክፍተት ሲገባ እስከ ጆሮዋ ተሰቅሎ የነበረው የልጅቷ ትከሻ ሲወርድ አየሁ። እጄ ትከሻዋ ላይ ስለነበር ተሰማኝም።

በሰላም ወለደች። ይቅርታ ሳልጠይቃት ወጣች፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ያን ቀን የገባኝ ነገር አለ። በእኛ አገር የእርግዝናና የምጥ መጻሕፍት ብቻን ተቀምጦ በዝምታ ለማንበብ የመጡ አይደሉም። ሌላ ሰው ነው ለእርጉዟ የሚያነብላት። ቄሱ፣ ባሏ፣ ደብተራው፣ ፊደል የቆጠረው የጎረቤት ልጅ። እሷ ትሰማለች።

ቅዱስ ሩፋኤልን «ፈታሔ ማኅፀን»፣ ማኅፀን የሚፈታ፣ እንለዋለን። በዓሉ ጳጉሜን 3 ነው፤ የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው ብለን ያልተጠመቅን ማን አለ? ግን መጽሐፈ ጦቢትን ገልጣችሁ እዩት። እዚያ ሩፋኤል ከምንም በፊት የመንገድ ጓደኛ ነው። የጦቢትን ልጅ ወስዶ፣ አብሮት ተጉዞ፣ በደህና ይመልሰዋል። ሉቃስ ምዕራፍ 1 ላይም እመቤታችን እንደፀነሰች ወደ ተራራማው የይሁዳ አገር ሄዳ ኤልሳቤጥ ጋ ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። ሁለት እርጉዞች፣ አንድ ቤት። ሙስሊም እናቶች የሚያነቧት ሱረቱ መርየም ደግሞ ምጥን ሳትሸፋፍን ትናገራለች። መርየም የተምር ዛፍ ሥር ሆና ምነው ከዚህ በፊት በሞትኩ ትላለች። ከዚያ ድምፅ ይመጣላታል፦ አትዘኚ፣ ግንዱን ነቅንቂ፣ ብይ፣ ጠጪ። እኛም ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምንለው ይህንኑ ነው። አይዞሽ፣ ትንሽ ጠጪ።

ሦስቱም ጋ ያለችው ሴት ብቻዋን አልተተወችም። ይህ ደግሞ የእምነት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከ15 ሺህ በላይ እናቶችን ያካተቱ ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩ፣ በምጥ ጊዜ ሰው ሳይለያቸው የወለዱት ምጣቸው አጠር ብሏል፣ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድላቸውም ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን ይመክራል። እናንተ ወጣት አዋላጆች፣ ይህን ያዙልኝ። መጽሐፉን ከትራሷ ሥር አታውጡባት። ንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሉበትና እዚያው ይቀመጥ። እናቷንም አስገቡላት።

አሁን ከበድ ወዳለው ልግባ። መጽሐፍ የማይችለው ነገር አለ።

ድሮ ልጅ እየሞተባት የተቸገረች እናት ሾተላይ አለባት ይባል ነበር። ጸሎተ ሱስንዮስ በቁመቷ ልክ ብራና ላይ ይጻፍላታል። ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናት የምትገድለውን ውርዝልያን እንዴት እንደተበቀላት የሚተርክ ጸሎት ነው። ብራናው ተጠቅልሎ፣ በቆዳ ተሰፍቶ አንገቷ ላይ ይንጠለጠላል። እነዚያን እናቶች አልስቅባቸውም። ሦስት ልጅ ቀብራ አራተኛውን ያረገዘች ሴት የምትይዘው ነገር ያስፈልጋታል።

ሐኪም ቤት ሾተላይ የምንለው ግን ምክንያቱ ታውቋል። አርኤች የሚባል ነገር በደም ውስጥ አለ፤ የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ (የሌለው)፣ የፅንሱ ፖዘቲቭ (ያለው) ሲሆን ነው። የመጀመሪያው ልጅ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። በዚያ ወሊድ የልጁ ደም ከእናቱ ደም ሲቀላቀል ሰውነቷ እንደ ባዕድ ቆጥሮ መከላከያ ያዘጋጃል። የሚቀጥለውን ፅንስ ደም የሚያጠቃው ያ መከላከያ ነው። አንቲ ዲ የሚባል መርፌ አለ። በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት አካባቢ፣ ከዚያም ልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ ከወሊድ በኋላ በ72 ሰዓት ውስጥ ይሰጣል። ፅንስ ሲወርድም ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ልጆቼ፣ የደም ዓይነታችሁን በመጀመሪያው ክትትል እወቁ። ጸሎቱን ጸልዩ፣ መርፌውንም ተወጉ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ደም ሲፈስ፣ ራስ ምታቱ አልለቅ ሲል፣ ዓይን ሲደበዝዝ፣ ፊትና እጅ ሲያብጥ፣ የእንሽርት ውሃ ያለጊዜው ሲፈስ፣ ልጁ መንቀሳቀስ ሲቀንስ መጽሐፉን ይዛችሁ ተነሡ። መኪና ውስጥ ይነበባል።

አንድ ዓይነት መጽሐፍ ግን እፈራለሁ። እናትን የሚወቅሰውን። እምነቷ የጠነከረ ሴት ምጥ አይጠናባትም፣ በኦፕራሲዮን የወለደች የቀረባት በረከት አለ፣ ፅንስ የወረደባት የደበቀችው ነገር አለ የሚለውን። ከውጭ ተተርጉሞም ይመጣል፣ እዚሁም ይጻፋል፣ ቴሌግራም ላይም ይዞራል። ሆዷ ተቀዶ ልጇ የተረፈላት እናት ግድግዳ ዞራ ስታለቅስ አይቻለሁ። «ጸሎቴ አልተሰማም ማለት ነው?» አለችኝ። ልጁ አጠገቧ ተኝቷል፣ እስትንፋሱ ይሰማል። እንዲህ ያለ ገጽ ሲገጥማችሁ ዝጉት። መጨረስ ግዴታ የለባችሁም። ለጓደኛችሁም አታውሱት።

የሰፈሬ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምታ «ታዲያ የቱን ላንብብ?» አለችኝ እንደገና። እኔ ደግሞ ማን እንደሚያነብላት ጠየቅኋት። አሰበች። ባሏ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ግን ጮክ ብሎ ማንበብ ያፍራል አለች። ገና ሁለት ወር አለው፣ ከዛሬ ማታ ይለማመድ አልኳት።