ፈንክሽንን ከፈንክሽን መገጣጠም፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ በሃስኬል የፕሮግራም ቋንቋ ሁለት ፈንክሽኖች የአንዱ ውጤት ለሌላው እንዲገባ በነጥብ ሲገጣጠሙ ቀድሞ የሚሠራው የትኛው ነው?

መልስ፦ የቀኙ።

ጥያቄ፦ በጃቫስክሪፕት «1»፣ «2»፣ «3» የሚሉ ጽሑፎችን ወደ ቁጥር ለመቀየር ፓርስኢንትን (ጽሑፍን ወደ ቁጥር የሚቀይረውን ፈንክሽን) በቀጥታ ለማፕ (አንድን ፈንክሽን በእያንዳንዱ አባል ላይ ለሚያሠራው) የሰጡ አንባቢ 1፣ ናን፣ ናን (ናን «ቁጥር አይደለም» ማለት ነው) መጥቶባቸው ጥፋቱን በብራውዘሩ ላይ ጥለዋል።

መልስ፦ ብራውዘሩን ይተዉት። ማፕ ለፈንክሽንዎ ከአባሉ ጋር ኢንዴክሱንም (ከ0 የሚጀምር ተራ ቁጥሩን) ያቀብለዋል፤ ፓርስኢንት ደግሞ ሁለተኛውን አርጉመንት (የሚሰጠውን ግብዓት) የቁጥር ቤዝ ብሎ ይወስደዋል። «1» በቤዝ 0 ተነበበ፤ 0 እንዳልተሰጠ ስለሚቆጠር በ10 አለፈ። «2» በቤዝ 1 ተነበበ፤ እንዲህ ያለ ቤዝ አይፈቀድም። «3» በቤዝ 2 ተነበበ፤ እዚያ 3 የሚባል አሃዝ የለም። አንድ አርጉመንት ብቻ ተቀብሎ ፓርስኢንትን ከ10 ጋር የሚጠራ ትንሽ ፈንክሽን ይጻፉና እሱን ለማፕ ይስጡት።

ጥያቄ፦ አንዲት አንባቢ፣ በሃስኬል ዋጋ ሊኖረው ወይም ላይኖረው በሚችል ሜይቢ ሲሠሩ በየእርምጃው «አለ ወይስ የለም?» እያሉ መፈተሽ ሰልችቷቸዋል። ሊፍት ማድረግ (ተራውን ፈንክሽን በሜይቢ ላይ እንዲሠራ ማንሳት) ይረዳኛል ወይ ይላሉ።

መልስ፦ በጣም ይረዳዎታል። አንድ ቦታ መቀመጥ የነበረበት ፍተሻ በየፈንክሽኑ ተበትኖብዎታል። ቁጥርን በ2 የሚያባዛ ፈንክሽን ስለ ባዶነት ምን አገባው? ቁጥር ይቀበል፣ ቁጥር ይመልስ። ኤፍማፕ ይህንን ተራ ፈንክሽን አንስቶ በሜይቢ ላይ የሚሠራ ያደርገዋል፤ ዋጋ ካለ ያባዛል፣ ከሌለ «የለም»ን እንዳለ ያሳልፋል። ያው ፈንክሽን አንድ ፊደል ሳይነካ ለሊስትም ይነሳል።

ኤፍማፕ ሁለት ሕጎች አሉት። የተቀበለውን እንዳለ የሚመልስ ፈንክሽን ሲነሳም ምንም መቀየር የለበትም። ሁለት ፈንክሽኖችን ለየብቻ አንስቶ መገጣጠምና ገጣጥሞ አንዴ ማንሳት ደግሞ ውጤታቸው አንድ መሆን አለበት። ሁለተኛው ሕግ በየዕለቱ ይጠቅምዎታል፦ 5 ተራ እርምጃዎች ካሉዎት መጀመሪያ ይገጣጥሟቸው፣ ከዚያ አንድ ጊዜ ያንሷቸው። በጃቫስክሪፕት አሬይ ላይ እንዲህ ሲያደርጉ በመሃል የሚፈጠሩት 4 ጊዜያዊ አሬዮች ይቀራሉ።

ሁለት ቦታ ላይ ይጠንቀቁ። ፈንክሽንዎ ራሱ ሜይቢ የሚመልስ ከሆነ በኤፍማፕ ሲያነሱት ሜይቢ ውስጥ ሜይቢ ይወጣል፤ እዚያ የሚያስፈልግዎ ባይንድ ነው፤ ሁለቱን ሜይቢዎች አንድ ያደርጋቸዋል። ሁለት አርጉመንት ያለውን መደመርን በሊፍት ኤ 2 (ባለ ሁለት አርጉመንት ፈንክሽንን በሚያነሳው) ወደ ሊስት ካነሱት ደግሞ [1, 2] እና [10, 20] የሚሰጡት [11, 21, 12, 22] ነው፤ እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ይደመራል። ባለ 1,000 አባል ሁለት ሊስቶች አንድ ሚሊዮን ውጤት ያወጣሉ። ጥንድ ለጥንድ ከፈለጉ ዚፕዊዝን ይጠቀሙ፤ [11, 22] ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ በፓይተን 3,000 ፈንክሽኖችን በሪዲውስ (የሊስት አባላትን እያጣመረ ወደ አንድ በሚያመጣው) አንድ ላይ ገጣጠምኩ። ሲገጣጠም ምንም አላለም፤ ስጠራው ግን ሪከርሽን ኤረር (ጥሪዎች ከገደብ በላይ ተደራረቡ የሚል ስህተት) መጣብኝ።

መልስ፦ እያንዳንዱ ግጥሚያ የቀደመውን የሚጠራ አዲስ ፈንክሽን ስለሚፈጥር አንዱ ጥሪ በሌላው ውስጥ ይደራረባል፤ የፓይተን መደበኛ የመደራረብ ገደብ ደግሞ 1,000 ነው። ፈንክሽኖቹን በሊስት ያስቀምጡና ዋጋውን በሉፕ በየተራ ያሳልፉት። ስለ ገደቡ የቀረውን ዶክመንቴሽኑ ላይ ያገኙታል።

ጥያቄ፦ ገንዘብ የሚያስተላልፍ ሲስተማችን ውስጥ ያሉትን ኤክሴፕሽኖች (ስህተት ሲፈጠር ሥራውን የሚያቋርጡትን) በሙሉ በኢዘር (ውጤትን ወይም ስህተትን እንደ ዋጋ በሚይዘው) ልተካቸው?

መልስ፦ ብቻዎን አይንኩት። ብዙ ፍሬምወርኮች የዳታቤዝ ትራንዛክሽንን (ሁሉም አብሮ የሚሳካ ወይም አብሮ የሚቀር ሥራን) ወደ ኋላ የሚመልሱት ኤክሴፕሽን ሲወጣ ነው። ስህተቱን እንደ ተራ ዋጋ ከመለሱት ፍሬምወርኩ ሥራው የተሳካ መስሎት ግማሽ ዝውውር ሊያጸድቅ ይችላል። ትራንዛክሽኑን ከሚያውቅ የዳታቤዝ ባለሙያ ጋር አብረው ይቀመጡ፤ ይህን እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ግዴታ ይውሰዱት። አንድም መስመር ከመቀየርዎ በፊት ዝውውሩ መሃል ላይ ሲቋረጥ የሁለቱም ሒሳቦች ቀሪ እንደነበረ መሆኑን የሚያረጋግጥ ቴስት ይኑርዎት።