ውድ ማሽን ገዝቼ ሥራዬ ለምን ዘገየ?

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ከሀዋሳ የእንጨት ሥራ ቤቶች የመጡ ናቸው። አብዛኞቹ አንድ ዓይነት ናቸው። ብር ተጠራቅሞ ወይ ዘመድ ከውጭ ልኮ ውድ ማሽን ገባ፣ ሥራው ግን ከድሮው ቀርፋፋ ሆነ። አትደንግጡ። እጅ የለመደውን እስኪተው ጊዜ ይፈልጋል።

ጋሼ፣ ወንድሜ ከጀርመን በሐዲድ ላይ የሚሄድ፣ ፌስቱል የሚባል ብራንድ ሰርኩላር መጋዝ ላከልኝ። የቁምሳጥን ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ) ስቆርጥ ልኬቱ ሁለት ሚሊሜትር ይጎድልብኛል። ተበላሽቶ ይሆን? (ከአቶቴ)

ማሽኑ ደህና ይመስለኛል። መጀመሪያ የሐዲዱን ጠርዝ እይ። ከሥሩ ቀጭን ላስቲክ አለ፤ አዲስ ሲሆን ከሚገባው በላይ ወጣ ብሎ ነው የሚመጣው። ሐዲዱን ቁርጥራጭ እንጨት ላይ በሞርሳ አስረህ ማሽኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ ንዳው፤ ትርፉን ላስቲክ ዲስኩ፣ ማለት ባለ ጥርሱ ክብ መቁረጫ፣ ራሱ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ ዲስኩ የሚያልፈው ልክ በላስቲኩ ጠርዝ ነው። ጠርዙን ምልክትህ ላይ ታሳርፋለህ፣ በቃ።

በድሮው ሰርኩላር ከማሽኑ እግር እስከ ጥርሱ ያለውን ርቀት እየደመርክ ነበር የምትሠራው። አሁን አትደምር። ሁለቱ ሚሊሜትር የሄደው ግን ምናልባት በሌላ በኩል ነው። የምትፈልገው ቁራጭ ሁልጊዜ ከሐዲዱ ሥር ይሁን። ከሐዲዱ ውጭ የቀረው ወገን የዲስኩን ውፍረት ይከስራል፣ እሱም ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ነው።

ማሽኑ ሐዲዱ ላይ ግራና ቀኝ የሚንቀሳቀስ ከሆነ እግሩ ላይ ማስተካከያ አለ። እስኪረጋ አጥብቀው፣ ግን እየተንሸራተተ ይሂድ። 1.4 ሜትሩን ሐዲድ ቀጥለህ 2.44 ሜትር የምትቆርጥ ከሆነም መጋጠሚያውን ቀጥ ባለ ነገር ሳታረጋግጥ አትጀምር።

ስለ ዲስኩም ልንገርህ። 48 ጥርስ ያለው ለኤምዲኤፍና ለኮምፔንሳቶ ቆንጆ ነው። በእሱ ወፍራም የዋንዛ ጣውላ በርዝመቱ ከሰነጠቅክ ግን እንጨቱ ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይጨነቃል። ለዚያ ጥርሱ ጥቂት የሆነ፣ 12 ወይም 14 ያለው ዲስክ ግጠም።

እህቴ ከአሜሪካ ማሽን ልታመጣልኝ ነው። እዚህ ይሠራል? (ከፒያሳ)

የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። በቀጥታ ከሰካኸው ይቃጠላል። ትራንስፎርመር ይፈልጋል፣ ያውም ከማሽኑ ጉልበት በደንብ የሚበልጥ። 1,200 ዋት ለሚስብ ሰርኩላር ከ2,000 ዋት በታች አታስብ። በባትሪ የሚሠራ ቢሆን ይሻልሃል፤ ያን ጊዜ የምትጨነቀው ለቻርጀሩ ብቻ ነው። መለያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ጣጣ የለውም።

መብራት ድንገት ሲጠፋ ደግሞ ማብሪያውን አጥፋ። ሲመለስ ሳንደሩ (እንጨት ማለስለሻው ማሽን) ብቻውን ተነስቶ ከጠረጴዛ ሊወድቅ ይችላል።

ሥራ ቤቱን ከአባቴ ነው የተረከብኩት። ከእሳቸው ጋር የሠሩ አንድ አዛውንት አናጺ አዲሱን ማሽን አይነኩም። ወጣቶቹ ደግሞ ያለ ጥንቃቄ ይነዱታል። ምን ላድርግ? (ከአረብ ሰፈር)

ከዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ሁሉ ይሄ አሳስቦኛል። እኚህ ሰው ጣውላውን ገና ሲያዩት የቱ እንደሚጣመም፣ የቱ እንደሚሰነጠቅ ያውቃሉ። ያንን ማሽኑ አያውቀውም። በገዛ ሙያቸው ቆመው ተመልካች እንዲሆኑ ካደረግሃቸው አንድ ቀን ሹልክ ብለው ይሄዳሉ፣ እውቀቱም አብሮ ይሄዳል።

እኔ ብሆን የማስተካከሉን ሥራ ለእሳቸው እሰጣለሁ። ውድ ማሽን ውስጥ ጥራቱ ያለው ከመቁረጥ በፊት ባለው ሥራ ነው። ዲስኩ 90 ዲግሪ መሆኑን በስኳድራ ማየት፣ ጥልቀቱን መወሰን፣ ቁርጥራጭ ላይ ሞክሮ መለካት። ይሄ የቆየ አናጺ ዓይን የሚጠይቅ ሥራ ነው። "አባባ፣ እርስዎ እሺ ካላሉ አይቆረጥም" በላቸው፣ ወጣቶቹም እየሰሙ። ቀስ ብለው ራሳቸው ያነሱታል።

ለወጣቶቹ ግን ጠንከር በል። ዲስክ ሲቀየር ገመዱ ከሶኬት ይነቀል። ሲቆርጡ ከማሽኑ ኋላ ሳይሆን ወደ ጎን ይቁሙ፣ ምክንያቱም ዲስኩ እንጨት ውስጥ ሲያዝ ማሽኑ ወደ ኋላ ይፈናጠራል። የደንበኛ ቡፌ ላይ ልምምድ የለም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለደንበኛ የምትሰጠውን ቀጠሮም ራቅ አድርገው።

ሳንደሩ ክብ ክብ ጭረት ይተዋል፤ ቨርኒሽ ሲቀባ ይወጣል። (ከታቦር)

እየተጫንከው ነው። የራሱ ክብደት ይበቃዋል። በዝግታ ንዳው፣ የብርጭቆ ወረቀቱንም ከሻካራው 80 ቁጥር ወደ 120፣ ከዚያ ወደ ለስላሳው 180 በቅደም ተከተል ቀይር። አቧራ መሳቢያ ከተገጠመለት የመሳብ ኃይሉን ቀንስ፤ ከበዛ ወረቀቱ እንጨቱ ላይ ይጣበቅና ይቧጥጣል።

ለአንድ ማሽን ብቻ የሚሆን ብር አለኝ። መጋጠሚያ ቀዳዳ በሚያወጣው ዶሚኖ ልጀምር? (ከአቶቴ፣ ሌላ ጠያቂ)

አይሆንም። በአቧራ መሳቢያው ጀምር። ደንበኛ እንደማያየው አውቃለሁ፣ ግን ሳንባህ ያየዋል። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የእንጨት ብናኝን ሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች ጎራ መድቦታል፤ በተለይ የአፍንጫን ካንሰር። መሬት ላይ የሚከመረው ሰጋቱራ ብዙም አያስፈራም። የሚጎዳው በዓይን የማይታየው፣ አየር ላይ የሚቆየው ነው። ኤምዲኤፍ ደግሞ ፎርማልዲሃይድ ባለው ሙጫ የተጣበቀ ስለሆነ የባሰ ነው። አፍ ላይ የሚጠመጠም ሻርፕ አያቆመውም፤ መሳቢያው ቢኖርም ኤን 95 ማስክ አድርግ።

ሰርኩላሩን በሁለተኛ ደረጃ ግዛ። ማኪታ የሚባለው ብራንድ ሰርኩላር በፌስቱል ሐዲድም ላይ ይሄዳል፣ ስለዚህ በአንድ ብራንድ አትታሰርም። ዶሚኖው መጨረሻ ይምጣ። ቀዳዳው ውስጥ የሚገቡት፣ ቢች ከሚባል ጠንካራ እንጨት የሚሠሩት ማያያዣ ቁራጮች ያልቃሉ። ከየት እንደምታገኛቸው ሳታረጋግጥ ብርህን አታውጣ።